ባቄላ ለምታህል ዕቃ በግ የሚያህል ካርቶን

ሥራ የጀመርሁበትን ቀን በትክክል አላስታውሰውም። ጥምቀት ማለፉን አውቃለሁ፤ ለበዓሉ የተገዛልኝን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበርና። ዓመቱን ግን ባለቤቴ አንድ ትላለች፣ እኔ ሌላ እላለሁ። ስንከራከር ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ትተነዋል።

ቦታው ባሕር ዳር ነው፤ በስልክ የታዘዘ ዕቃ የሚያደርስ ድርጅት መጋዘን። ሰው በስልኩ ያዝዛል፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ይመጣል፣ እኛ ዘንድ እንደገና ይታሸግና ወደ ከተማው ሰፈሮችና ወደ ሐይቁ ዳር ይሄዳል። መጋዘኑ ውስጥ አራት ዓይነት ሠራተኛ ነበር፤ ኃላፊ፣ ተቆጣጣሪ፣ አሻጊና አድራሽ። እኔ አሻጊ ሆኜ ልቀጠር ነው የሄድሁት።

ኃላፊው ብሩክ የሚባል የአዳማ ልጅ ነው። ዕድሜው ከመጨረሻው ልጄ ያንሳል።

«አባባ፣ ሲቪ ይዘዋል?» አለኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እስከ ዛሬ የሠሩት ሥራ የተጻፈበት ወረቀት።»

መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት። የገመድ ጠባሳ ከዳር እስከ ዳር አለበት። ትንሽ አየውና ሳቀ። «ይበቃል» አለ። በዚያው ቀን ጀመርሁ።

ጠባሳው ከሐይቁ ወደብ የመጣ ነው። ዕድሜዬን የጨረስሁት እዚያ ጭነት በማሰር ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ማሰርን ግን ከአባቴ ተምሬያለሁ። አባቴ የዘጌ ሰው ነው፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በደንገል ታንኳ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ያመላልስ ነበር። ሁለት ነገር አስተምሮኛል። አንደኛው፣ ያሰርኸውን ነቅንቀህ በጆሮህ አዳምጥ፤ ድምፅ ካለው ገና አልታሰረም።

ሁለተኛው ጭራ ነው። ይኼን ላስረዳ፤ ኋላ ይመጣልና። ከዘጌ ቡና ስትልክ በጆንያው መካከል ትንሽ ዕቃ ብታስቀምጥ፣ መድኃኒት ይሁን፣ የአንገት ብር ይሁን፣ በክር ታስረውና የክሩን ጫፍ በጆንያው አፍ አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ትተወዋለህ። ያ ጫፍ ጭራ ይባላል። ተቀባዩ ጭራውን ሲያይ ውስጥ አደራ እንዳለ ያውቃል። ይጎትታል፣ ዕቃው ይመጣል፤ ቡናውን መዘርገፍ የለበትም። ጭራ ከሌለው ቡና ብቻ ነው ማለት ነው፤ ማንም አይፈልግበትም።

ብሩክ አንፀባራቂ ሰደርያ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ፣ ምላጭና የፕላስተር መጎተቻ ሰጠኝ። የአባቴ ወስፌ ከራሴ ኪስ ነበረች። እሷንም አልተውሁም፤ እስከ መጨረሻው ቀን አብራኝ ሠርታለች።

ከጠረጴዛው በላይ መመሪያ ተለጥፏል። ከሥር የተቆራረጠ ወረቀት ይደረጋል፣ በላዩ ዕቃው፣ ከዚያ እንደገና ወረቀት፣ ከዚያ ባለ አረፋ ላስቲክ፣ ከዚያ ካርቶኑ ይዘጋና ሁለት ዙር ፕላስተር ይዞርበታል። ብርጭቆ ከሆነ ጥሩ መመሪያ ነው። እኔ የመጀመሪያ የደረሰኝ ስድስት የሻይ ማንኪያ ነበር። በወረቀት ጠቀለልሁት፣ በሲባጎ አሰርሁት፣ ነቅንቄ አዳመጥሁት። ዝም አለ። ለተቆጣጣሪዋ ሰጠሁ።

ተቆጣጣሪዋ የወረታ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷ ኮሌጅ ጨርሳ ነው የመጣችው። የታሸገውን ትመዝናለች፣ የተንጠለጠለ ወይም የተዝረከረከ ነገር ካለ ታስተካክላለች፣ በስልኳ ፎቶ ታነሣና ታሳልፋለች። ዓይኗ አንድ ነገር አያመልጠውም።

«አያ ታረቀኝ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የታሸገ ማንኪያ።»

«ካርቶኑስ?»

«ማንኪያ ምኑ ይሰበራል ብዬ ነው።»

«መመሪያው ማንኪያና ብርጭቆ አይለይም።»

«አንቺስ ትለያለሽ?»

ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። «እኔ እለያለሁ። አለቃዬ ግን መመሪያው ነው።»

ማንኪያዎቹን ካርቶን ውስጥ አስተኛኋቸው። እንደ ንጉሥ ልጆች ተኝተው ሄዱ።

ካርቶኑ ሦስት ዓይነት ነበር። ትንሹን «ጫማ»፣ መካከለኛውን «ዳቦ»፣ ትልቁን «በግ» እንለው ነበር። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በኋላ ብሩክም ሲናገር «ሁለት በግ አምጡልኝ» ማለት ጀመረ። ክፋቱ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያሠራው በጉን በብዛት ነው። ጫማው በወሩ መጀመሪያ ያልቃል፣ ዳቦው በወሩ አጋማሽ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በበግ ይሄዳል።

አንድ ቀን አድራሹ ስለታመመ እኔው ዘንዘልማ ድረስ በባጃጅ ሄድሁ። በጉ ከጎኔ ተቀምጦ ቦታ ስላጣሁ አንድ እግሬ ውጭ ነበር። አዲስ ቤት የሠራ አስተማሪ ነው ያዘዘው። ካርቶኑን ሲያይ ደጁ ላይ ቆመና፣ «አባቴ፣ እኔ ፍሪጅ አላዘዝሁም» አለኝ። ያዘዘው የስልክ ሽፋን ነው። ከፍተን ከፍተን ስንደርስበት፣ የሰፈሩ ልጆች ባለ አረፋውን ላስቲክ መሬት ላይ ዘርግተው ዘለሉበት። ጧ ጧ ሲል አንድ ውሻ አጥር ጥሶ ጠፋ። አስተማሪው ሽፋኑን ስልኩ ላይ አደረገና፣ «ልክ ነው። ካርቶኑ ግን ለእኔም ልክ ነው፤ ልግባበት?» አለ።

ከይፋግ ደግሞ አንድ የሩዝ ገበሬ ደወለ። ለእጅ ባትሪው አምፖል አዝዞ ነበር።

«ወንድሜ፣ ካርቶን ከፈትሁ፣ ወረቀት አገኘሁ። ወረቀቱን አነሣሁ፣ ሌላ ካርቶን አገኘሁ። የምትሸጡት ካርቶን ነው አምፖል?»

«አምፖሉን አላገኙትም?»

«አግኝቼዋለሁ፤ ይበራል። ግን ወረቀት ከምትሞሉበት ገለባ ብትሞሉበት በሬዬም ያመሰግናችሁ ነበር።»

ይኼን ሁሉ እየሳቅን እናሳልፈው ነበር። አንድ ጠዋት ግን በሐይቁ ዳር ወደ ሥራ ስሄድ፣ ደንገሉ መካከል ላስቲክ ተጠላልፎ አየሁ። አንዲት ይብራ አጠገቡ ትዋኛለች። ጎንበስ ብዬ ሳወጣው ፕላስተር አለበት፤ የፕላስተሩ ጫፍ በሦስት ማዕዘን ታጥፏል። እንዲያ የማጥፈው እኔ ነኝ፤ ተቀባዩ በጥፍሩ ሳይቸገር እንዲልጠው ብዬ። የእጄን ሥራ ከሐይቅ አወጣሁት ማለት ነው። ጨምቄ ኪሴ ከተትሁና ለብሩክ አሳየሁት።

«አባባ፣ አውቃለሁ» አለ። «ስንት ጊዜ ጻፍሁላቸው። አንድ ነገር ተሰብሮ ከሚከሰሱ መቶ ካርቶን ቢባክን ይመርጣሉ።»

ክፉ ልጅ አልነበረም። ከእሱም በላይ መመሪያ ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከዘጌ እማማ አንጓች የሚባሉ አሮጊት ጆሯቸው ከብዷል። ልጃቸው ሐዋሳ ነው የምትሠራው። እናቷን ልታስደስት አስባ፣ ሳትነግራቸው፣ የመስሚያ መሣሪያ አዘዘችላቸው። መሣሪያዋ ባቄላ ታህላለች፤ ከእነ ባትሪዋ የክብሪት ቀፎ በምታህል ሣጥን ውስጥ ናት። እኛ ዘንድ ስትደርስ ጫማውም ዳቦውም አልቋል።

«በበግ ይሁን» አለ ብሩክ።

በግ የሚያህል ካርቶን ውስጥ ያቺን ሣጥን ሳስቀምጥ ሰጋሁ። እንዴት ያገኟታል ብዬ። ስለዚህ እንደ አባቴ አደረግሁ። ሣጥኗን በነጭ የጥጥ ክር አሰርኋት፣ የካርቶኑን የታች ማዕዘን በወስፌ በሳሁ፣ ክሩን አሳልፌ ጫፉን አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ተውሁት። ከላይ ወረቀቱን፣ ከዚያ ላስቲኩን ሞላሁ። ማዕዘኑን በፕላስተር ስዞር ጭራው ከፕላስተሩ ሥር እየታየ ነበር። ለዘጌ ሰው ይኼ በቂ ነው አልሁ። ሰኞ ቀን ነበር።

በሳምንቱ ሰኞ ብሩክ ወደ ቢሮው ጠራኝ። ተቆጣጣሪዋም እዚያ ቆማለች። ፊቱ እንደ ሌላው ቀን አይደለም።

«አባባ፣ ይቀመጡ። ስለ ዘጌው ዕቃ ልጅቷ ከሐዋሳ ቅሬታ ልካለች። ላንብብልዎ።» ከስልኩ አነበበ። «እናቴ የደረሳት ካርቶን ባዶ ነው። ወረቀት ብቻ ነው ያለው። አሁን ዶሮ ታቅፋበታለች።»

«ምን ታቅፋበታለች?»

«ዶሮ።»

ልስቅ ነበር፤ ፊቱን አይቼ ተውሁት።

«ፕላስተሩ ሳይነካ ነው የደረሰው» አለ። «አድራሹ ፎቶ አለው። ስለዚህ ዕቃው ከጠፋ የጠፋው እዚህ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ያሸገው ማነው ብሎኛል። እስከ ሐሙስ መልስ ካልሰጠሁ ያግዱዎታል። ከዚያ በሕግ ይጠየቃሉ።»

እንግዲህ ተመልከቱ። ወደቡ ላይ ያንን ሁሉ ዘመን ስሠራ የሰው አደራ ከእጄ ጠፍቶ አያውቅም። ሰዎች ታረቀኝ ያሰረው ነው ካሏቸው ጭነቱን ሳይፈትሹ ነበር የሚረከቡት። ያለኝ ሀብት እሱ ነው። አሁን በስተርጅና ከደንቆሮ አሮጊት ዕቃ የሰረቀ ልባል ነው።

«ዕቃው ውስጥ ነው» አልሁ። «ጭራ አውጥቼለታለሁ። ክሩን ይጎትቱት።»

«የምን ክር?»

ስለ ጭራ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ከመላኩ በፊት ያነሣችውን ፎቶ አሳየኝ። ማዕዘኑ ወለል ብሎ ይታያል። ክር የለም።

«ሚዛኑስ?» አልሁ።

«ሚዛኑ ባቄላ አይመዝንም፣ አባባ።»

የራሴን እጅ ተጠራጠርሁት። ያረጀ ሰው ያላደረገውን አደረግሁ ይላል፤ ምናልባት ያሰርሁት ለሌላ ዕቃ ይሆን? ተነሥቼ ወጣሁ።

በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ተቆጣጣሪዋ መጣች። አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አያ ታረቀኝ፣ ክሩን እኔ ነኝ የቆረጥሁት።»

ወደ እሷ ዞርሁ።

«የተንጠለጠለ ነገር ይስተካከል ይላል እኮ መመሪያው። ተረስቶ የቀረ ክር መሰለኝ። ከፕላስተሩ ጋር ልክ አድርጌ በምላጭ ቆረጥሁት፤ ከዚያ ፎቶ አነሣሁ። አሁን እርስዎ ሲናገሩ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈራሁ። ኮንትራቴ በዚህ ወር ነው የሚታደሰው።»

አልተቆጣኋትም። ይልቅ እጄ እንዳልከዳኝ ሳውቅ ትልቅ ሸክም ወረደልኝ። «አይዞሽ፣ እታለም። ክሩ ከተቆረጠ ሥሩ አለ ማለት ነው» አልኋት። እሷ ግን ተነሥታ ቀጥታ ወደ ብሩክ ገባች። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ነገርሁት። ረቡዕ ጠዋት በጀልባ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ።

ብሩክም ከኋላዋ ብቅ አለና፣ «ዶሮዋን ግን እንዳታስበረግጉብኝ፤ ሁለተኛ ቅሬታ አልችልም» አለ። ያን ጊዜ ነው ሦስታችንም የሳቅነው።

ረቡዕ ሐይቁ ረግቶ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ሁለት እጇን በመቀመጫው ጠርዝ ላይ ቆልፋ ተቀመጠች። «አያ ታረቀኝ፣ ጭራ አለኝ ወይ? ብወድቅ የሚጎትተኝ» አለች። የጀልባው ሰዎች ምን እንደሚያስቀኝ አልገባቸውም።

ዘጌ ወርደን በቡናው ጥላ ሥር ባለው የእግር መንገድ ወጣን። እማማ አንጓች ደጃቸው ላይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል። ካርቶናችን ከግድግዳው ጥግ፣ ጥላ ያለበት ተቀምጧል። ላስቲኩን ከላይ አንሥተው አጥሩ ላይ ሰቅለውታል። ወረቀቱ እንዳለ ነው፤ እሱ ላይ አንዲት ገብስማ ዶሮ ተኝታለች። ንግሥት ትመስላለች።

ጆሯቸው ጭራሽ አልተዘጋም፤ ጠጋ ብሎ የጮኸን ይሰማሉ። ተቆጣጣሪዋ ጠጋ አለች።

«እማማ፣ ካርቶኑ ውስጥ ዕቃ አለ።»

«አዎ፣ ዕንቁላል አለ። አሥራ አንድ ነው።»

«ሌላ ዕቃ። ልጅዎ የላከችልዎ።»

«ልጄ የላከችልኝ ካርቶኑን ነው። ዶሮ የማስታቅፍበት ቅርጫቴ ተበሳ ብዬ ነግሬያት ነበር። እግዜር ይስጣት፣ ጉዝጓዙን ሳይቀር ነው የላከችው።»

እኔ ወደ ዶሮዋ በእጄ አመለከትሁ። «ትንሽ ብናነሣትስ?» አልሁ።

መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና በእኔና በካርቶኑ መካከል ቆሙ። «ከታቀፈች ስድስተኛ ቀኗ ነው። አሁን ያስነሣት ሰው ዕንቁላሉን ራሱ ይታቀፋል።»

እውነታቸውን ነው። ያስበረገጓት ዶሮ ላትመለስ ትችላለች። ጫጩት እስኪፈለፈል ብንጠብቅ ደግሞ ሐሙስ ነገ ነው።

መጮኽ እንዳልጠቀመን ሳይ ከደጃቸው የወደቀ ሎሚ አነሣሁ። ከኪሴ ክር አወጣሁና ሎሚውን አሰርሁት። በጋቢዬ ውስጥ ደበቅሁትና የክሩን ጫፍ ብቻ አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ተውሁ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዘረጋሁት።

አዩት። ጫፉን ያዝ አድርገው ጎተቱ፤ ሎሚው ወጣ።

«ጭራ» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የባለ ታንኳው፣ የአድማሱ ልጅ ነኝ» አልሁ በጆሯቸው።

«አድማሱ ቡናዬን ይወስድልኝ ነበር።» ተመልሰው ተቀመጡ። «ያ ካርቶን የመጣ ዕለት እኮ ጭራ ፈልጌበታለሁ። አገላብጬ አየሁት፤ የለውም። ጭራ የሌለው ባዶ ነው ብዬ ነው ለዶሮዋ የሰጠሁት።»

ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ ጭራውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ።»

እማማ አንጓች ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። «የየት ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የወረታ።»

«ወረታ ሐይቁ ይርቃታል። ምሬሻለሁ።»

ሥራው ከዚህ በኋላ የእኔ ነበር። ከካርቶኑ አጠገብ ሆዴን ምድር ላይ አድርጌ ተኛሁ። የታችኛውን ማዕዘን ፕላስተር በጥፍሬ ላጥሁት። ከቀዳዳዋ ውስጥ የክሩ ሥር የጤፍ ፍሬ ያህል ነጭ ሆና ታየችኝ። በወስፌ ጫፍ ጠልፌ ሳብ አደረግሁ፤ መጣች። በምላጭ ማዕዘኑን በሦስት ወገን ቆርጬ ትንሽ መስኮት ከፈትሁና መጎተት ጀመርሁ። ዶሮዋ ቁርር አለች። አንድ ስንዝር ያህል መጣና ቆመ። ሣጥኗ ከዶሮዋ ሥር ናት፤ ብጎትት ዕንቁላሉ ይንከባለላል።

«ቆይ» አለች ተቆጣጣሪዋ። ለመንገድ የያዘችውን ቆሎ ከቦርሳዋ አወጣችና ከዶሮዋ ፊት፣ በካርቶኑ ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ አኖረች። ዶሮዋ አንገቷን ዘረጋች። ትንሽ ወደ ፊት አዘነበለች፤ ከዕንቁላሉ ግን አልተነሣችም። «አሁን» አለች በሹክሹክታ። ጎተትሁ። ሣጥኗ ወረቀት አዝላ ወጣች። ሞቃለች፤ እንደ አዲስ ዕንቁላል ትሞቅ ነበር።

«አልተነሣችም» አሉ እማማ አንጓች። ስለ መሣሪያው ግድ አልነበራቸውም፤ ዶሮዋን ነው ያዩት።

ተቆጣጣሪዋ ባትሪውን አስገባች፣ ቀስ ብላ በቀኝ ጆሯቸው አደረገችላቸው፣ የድምፁን ማስተካከያ ነካች። እማማ አንጓች ራሳቸውን ወደ ካርቶኑ አዘነበሉ። ዶሮዋ ቁርር፣ ቁርር ትላለች።

«ይህች ዶሮ» አሉ፣ «ስድስት ቀን ሙሉ ስታማኝ ነው የሰነበተችው።»

ከዚያ ለልጃቸው ደወልንላቸው። ልጅቷ እንደለመደችው እየጮኸች ነው ያነሣችው፤ እኔም ከርቀት ሰማሁ። እማማ አንጓች ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አራቁና፣ «ለምን ትጮኺብኛለሽ? ምን አጠፋሁ?» አሉ። ከወዲያ በኩል ጩኸቱ ቀረ። «አታልቅሺ፤ እየሰማሁሽ ነው» ሲሉ እኔና ተቆጣጣሪዋ ወደ ቡናው ዞር አልን።

ተቆጣጣሪዋ እዚያ ያነሣችውን ፎቶ ብሩክ በዚያው ቀን ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከ። ዶሮዋም ፎቶው ውስጥ አለችበት። ዋናው መሥሪያ ቤት ስለ እኔ የነበረውን ጥያቄ ዘጋ፤ የተቆጣጣሪዋም ኮንትራት ታደሰ። ከወራት በኋላ ደግሞ ትንንሽ ካርቶንና የወረቀት ከረጢት መጣልን። የመጡት በዶሮዋ ምክንያት ነው ይል ነበር ብሩክ። በመመሪያው ግርጌ በእጁ አንድ መስመር ጨመረ፤ «ጭራ ያለው ዕቃ ጭራው አይቆረጥ» ይላል። አዲስ የሚቀጠሩት ይኼን ሲያነቡ ግራ እየገባቸው ወደ እኔ ይመጡ ነበር።

ያ በግም ተመለሰ። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ አድራሹ ከዘጌ ይዞት መጣ። ማዕዘኑ ላይ እኔ የከፈትሁት መስኮት በጨርቅ ተሰፍቷል። ከአፉ የደንገል ልጥ አንድ ጣት ያህል ወጥቷል። ብሩክ እንዲጎትተው ተውንለት። ሲጎትት በልጥ የተቋጠረ ዘጠኝ ሎሚ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያንን ካርቶን ማንም አልጣለውም፤ የእኔ ጋቢ ማስቀመጫ ሆነ።

ሥራውን የተውሁት ጉልበቴ መቆም ሲያስቸግረው ነው። አሁን የምታሽጉ ልጆች ከዚህ አንድ ነገር ብትይዙ ይበቃኛል። ትንሽ ዕቃ በትንሽ ይታሸግ። ትንሽ ካርቶን ካጣችሁ፣ ዕቃው የት እንዳለ የሚያሳይ ምልክት በውጭ ተዉለት፤ ሌላው ደግሞ ምልክቱን ሳይጠይቅ አይቁረጥ። ከሥራዬ የተማርሁት ይኼው ነው።

ያቺን ሳምንት ያሳለፈችኝ፣ ኮንትራቷ ቢቀር ይቅር ብላ እውነቱን የተናገረችልኝ፣ ለዶሮዋ ቆሎ ያበላችልኝ የወረታዋ ተቆጣጣሪ ሀያት ሰይድ ትባላለች።